አሥር ሴንቲሜትር ፕላስቲክ፦ ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ የምሰጠው ምስክርነት

ዳሌዬ በመኪና አደጋ ከተሰበረ ወዲህ ቤታችን የሕክምና ዕቃ ሞልቶበታል። ስለ ክራንቾቹ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። ስለ አንዱ ዕቃ ግን ዝም ማለት አልችልም። የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ተገጥሞ በ10 ሴንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ፣ ግራና ቀኙ የእጅ መደገፊያ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። ስገዛው ከሐኪሙ ትእዛዝ አንዱን ለመፈጸም ያህል ነበር። ዛሬ ግን ተስፋ እንዳልቆርጥ ያደረገኝ ምን እንደሆነ ብጠየቅ ከእናቴ ቀጥሎ የምጠራው እሱን ነው።

የሕመሙን ታሪክ ባጭሩ ልናገር። በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተሰበረው የዳሌ አጥንት በብረትና በብሎን ተያያዘ። አጥንቱ ገጠመ ተብሎ ደስ ሲለን የጭኑ አጥንት ራስ ሞቶ ተገኘ። በአደጋው ጊዜ መገጣጠሚያው ወልቆ ስለነበር ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ተጎድተው ኖሯል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካልኝ። እሱም ወለቀና እንደገና ቀዶ ጥገና ክፍል ገባሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ጠያቂው ሁሉ «አይዞሽ» ሲል ልብ ይሞላል። በሦስተኛው ጊዜ ያው ቃል፣ ከዚያው ሰው አፍ፣ በዚያው ፍቅር ሲነገር እንኳ ውስጥ አይገባም። ያን ጊዜ ሰው የሚፈልገው በገዛ እጁ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው።

ሐኪሙ ቤት ስገባ የምጠብቀውን ሕግ ነግሮኝ ነበር። ዳሌዬ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ፣ እግሬን እንዳላነባብር፣ የእግሬን ጣቶች ወደ ውስጥ እንዳላዞር። ስቀመጥ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ከወጣ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል፤ ይህ አደጋ ደግሞ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በእኛ ቤት ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቡናው የሚጠጣው በርጩማ ላይ ነው። ሶፋው ዝቅ ያለ ነው። የታክሲው ወንበር ጉልበትን አገጭ ሊያደርስ ምንም አይቀረው። እነዚህን ሁሉ ለጊዜው መተው ይቻላል። ሽንት ቤትን ግን መተው አይቻልም።

ከዚህ ዕቃ በፊት የነበረው ፖፖ ነው። እናቴ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ነገር ግን እሷን በሌሊት ላለመቀስቀስ ስል ከሰዓት በኋላ ውኃ አልጠጣም ነበር። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፤ ውኃ ሲቀንስ ይብስበታል፤ ሆድ ሲደርቅ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ያልበላ ሰው ደግሞ ቁስሉም ቶሎ አይጠግም፣ ለእንቅስቃሴም አቅም አያገኝም። ተስፋ መቁረጥ በእኔ ላይ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ትልቅ ሐሳብ አልነበረም፤ ያልተጠጣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ነበር።

ዕቃው ሲገጠም ፊዚዮቴራፒስቱ አቀማመጡን አሠለጠነኝ። ወደ ኋላ እየተራመዱ መቀመጫው ሁለቱንም እግሮች ከኋላ እስኪነካ መጠጋት። ክራንቹን ግድግዳ ማስደገፍ። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን እግር ወደ ፊት ዘርጋ ማድረግ። አንዱን እጅ፣ ከዚያ ሌላውን መደገፊያው ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ መውረድ። ለመነሳት ደግሞ ወደ ፊት ሳይጎነበሱ በክንድ መግፋት። ይህን ከለመድኩ በኋላ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ገባሁ። እናቴ ከውጭ ሆና «ደህና ነሽ?» ትላለች፤ «ደህና ነኝ እማዬ» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ውኃዬን ጠጣሁ፣ ምግቤን በላሁ። የራጅ ፊልም ላይ ሐኪሙ የሚያየውን መሻሻል እኔ አላይም፤ በሁለት እጄ ገፍቼ እነሳበት ከነበረው መቀመጫ በአንድ እጅ መነሳቴን ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

ሲሸጥልኝ ቅር እያለው ለነበረው ሻጭና ለመሰሎቹ የምለው አለኝ። «እህቴ፣ እሱ ለአዛውንት ነው» ትላላችሁ። በመኪና አደጋ ዳሌው የሚሰበር ወጣት በሆስፒታሎቻችን ሞልቷል። «ለጥቂት ሳምንት ብለሽ ገንዘብ አታባክኚ» ትላላችሁ። ጥቂት ሳምንት የሚባለው አንድ ጊዜ ለሚታከም ሰው ነው፤ ለእኔ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ሌላ ቀዶ ጥገና ሆኗል። «ፕላስቲክ እኮ ነው» ትላላችሁ፤ ይህ ከሁሉ ያናድደኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ ከቴፍሎን ሠርቶ የሞከረው የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው ጎድጓዳ ክፍል ቶሎ እየተበላ ሲያስቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኤቲሊን በተባለ ፕላስቲክ ተክቶት ነው የዳሌ ቅየራ የሰመረለት። በዓለም ላይ ስንት ሰው በዚያ ፕላስቲክ ላይ ቆሞ ይሄዳል! እኔም አንዷ ነኝ። ባለ ጎማውን ውድ ወንበር ልትሸጡልኝ ስትደክሙ ይህንን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ከክራንቹ ጎን አስቀምጡት።

ጉድለት የለውም አልልም። መያዣ ብሎኑ ይላላል፤ ከላላ መቀመጫው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ለሚያገግም ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ወንድሜ በየጠዋቱ ያጠብቀዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሥሩ ማጽዳቱም ያታክታል። ዋናው ችግር ግን ቁጢጥ በሚባልበት ሽንት ቤት ላይ ፈጽሞ አለመሥራቱ ነው። ክፍለ ሀገር አክስቴ ቤት ስንሄድ ወንድሜ ብየዳ ቤት አራት እግር ያለው፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የብረት ወንበር አሠራልኝ፤ ቁመቱን በእኔ ጉልበት ለክቶ፣ እግሮቹን ጎማ አልብሶ። በደንብ አገልግሎኛል። እንዲህ ዓይነት ቤት ላላችሁ ፕላስቲኩን ትታችሁ ወደ ብየዳ ቤት ሂዱ። ሌሎቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የመቀመጫችሁን ስፋት ለኩ፤ መደገፊያ የሌለውን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

አሁን ያለ ክራንች ስለምራመድ «ሽጪው» የሚሉኝ አሉ። አልሸጠውም። በውጭ አገር ለረጅም ዓመታት በተያዙ መዝገቦች መሠረት ከተተኩት ዳሌዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 25 ዓመት ያገለግላሉ፤ የእኔ ዕድሜ ገና ስለሆነ አንድ ቀን እንደገና መቀየሩ አይቀርም። እስከዚያ ለታመመ ጎረቤት አውሳለሁ። ያኛው ማዶ ያሉት አባባ ወስደውታል፤ ብሎኑን የሚያጠብቀውን ቁልፍም አብሬ ሰጥቻቸዋለሁ።