ያረጀ ቪትዝ ላላችሁ፦ የሳሪሱን ጋሼ ላመስግን

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ሰነፍኩ። ትናንት ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቪትዝ ልገዛ ነው፣ የምታምኚው መካኒክ አለሽ?" ስትለኝ አፈርኩ። እኚህን ሰውዬ ደብቄ ይዣቸዋለሁ ለካ።

አምና ነው ነገሩ። አቅሜ ያው ቪትዝ ነው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አሮጌዎቹም አልቀመስ ብለዋል፤ ሃያ ዓመት ሊሞላት ለተቃረበ ሚጢጢ መኪና ከሚሊዮን ብር በላይ ነው የሚጠራላችሁ። ደላላው አንዲት ብርማ አሳየኝ። ታጥባ ታበራለች። "የሴት መኪና ናት፣ ከቤት ቢሮ ብቻ" አለኝ። (መኪና ሲገዛ ይቺን ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) ኪሎሜትሯ 80 ሺህ ይላል። እኔማ በልቤ ገዝቻት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ግን ሳሪስ ያሉ አንድ መካኒክ ሳያዩዋት ቀብድ እንዳትሰጪ አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮፈኖውን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ የሾፌሩን በር ከፍተው ጎንበስ አሉ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ በአንድ በኩል አልቆ ብረቱ ብቅ ብሏል። መሪውም እጅ የሚያርፍበት ቦታ ተልጦ ያብለጨልጫል። "ልጄ፣ 80 ሺህ ብቻ የሄደች መኪና ፔዳል እንዲህ አይሆንም። ኪሎሜትሯን መልሰውታል" አሉኝ። ከዚያ ይዘዋት ወጡና ዳገት ላይ ሞከሯት። ካምቢዮዋ ሲቪቲ የሚባለው፣ በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው አውቶማቲክ ነው። የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ግን ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት ይጨምርበትና ያበላሸዋል። ስትነሳ እንደ መንገጫገጭ አለች፣ ከሥር ደግሞ እምም የሚል ድምፅ። "ተያት" አሉኝ። በቃ። ደላላው ፊቱ ተለዋወጠ፣ እኔም ለመናገር አላፍርም፣ ትንሽ አልቅሻለሁ።

ሦስተኛዋን ነው የገዛሁት። እ.ኤ.አ. የ2006 ሞዴል ናት፣ አንድ ሊትር። ቀለሟ አያምርም፣ የኋላ በሯ ተጠግኗል፣ ጋሼ ግን "ሞተሯ አልተነካም፣ ውሰጃት" አሉ። ስም ማዞሩን፣ ቦሎውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ወር ሳይሞላ፣ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ሳሪስ ሩቅ ሆኖብኝ ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ገባሁ። ልጁ ሁለት ደቂቃ ሰማትና የሞተሩ ማረፊያ ጎማዎች ይቀየሩ፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ይቀየር፣ "የታይሚንግ ቺንጋዋም ጊዜው አልፏል፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይበላዋል" አለኝ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው)። የጻፈልኝን ብር ሳይ መኪናዋን ልተውለት ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አነበቡና ሳቁ። "ቺንጋ የላትም እኮ! ካቴና፣ የብረት ሰንሰለት፣ ነው ያላት። የሌላትን ነው ሊቀይርልሽ የነበረው።" ሞተሯ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮዋ እንደሆነም አስረዱኝ። የበዛው ከቆሻሻ ነበር። አየር የሚያስገባውን ክፍል ፈትተው አጸዱት፣ የአየር ፊልትሮውን ቀየሩ፣ ተረጋጋች። የከፈልኩት የፊልትሮውንና የእጃቸውን ብቻ።

ትልቁ ግን የአዳማው ነው። ስመለስ ፈጣን መንገዱ ላይ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። ጥጉን ይዤ ቆምኩና ደወልኩላቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው "ክዳኑን እንዳትነኪ!" ነበር። የራዲያተሩን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ያለበትን፣ ክዳን ማለታቸው ነው፤ አጥፍታችሁ ሳትቀዘቅዝ ብትከፍቱት የፈላው ውሃ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ተጎትታ መጣች። መንገድ ላይ ያየ አንድ ባለሙያ "ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል" ብሎኝ ስለነበር (ጓርኒሲዮን በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ለመቀየር ሞተር መፍታት ነው) ሞቼ ነው የደረስኩት። ጋሼ የዘይቱን ክዳን ፈተው ውስጡን በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። "ጓርኒሲዮን ቢሆን ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ማኪያቶ ይመስላል። የታለ ማኪያቶው?" ጥፋቱ የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። ጎማው እንደ ቋንጣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መኪናዋን የሚያድናት ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፣ እሱ ከላላ ውሃው እየፈላ ይጠፋል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ይጨመርባት ስለነበር ደግሞ ከራዲያተሩ የወጣው ቀይ ዝገት ነበር። አጠቡት፣ ኩላንት (ዝገት የሚከላከለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞሉት። ክዳኑን ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሄጄ ራሴ ነው የገዛሁት፤ እሳቸው ዕቃ አይሸጡም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ጉድለት አላቸው ወይ? አዎ። ይቆያሉ። ነገ ካሏችሁ ከነገ ወዲያ በሉት። ስልክ ሲሠሩ አያነሱም። መኪናችሁን በደንብ ካልያዛችኋት ይቆጣሉ፣ እኔንም ዘይት ሳልቀይር አሳልፌ ተቆጥተውኛል።

ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፣ ወረፋው ከአሁኑ በዝቷል። በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ልትገዙ ከሆነ ቀብድ ሳትሰጡ በፊት ሂዱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቢያዩት ይመርጣሉ። ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ አይገኙም፣ እሁድ ዝግ ነው።