በጠርሙስ የሚሸጠው የናፍጣ ማሻሻያ ለፒክአፕ ዋጋውን ያወጣል?

አዲስ አበባ ማደያ ላይ የሚቀዳው ናፍጣ ዋጋው በመንግሥት የተተመነ ነው። ስለዚህ እዚህ «ፕሪሚየም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ ሱቅ በጠርሙስ ተገዝቶ ታንክ ውስጥ የሚጨመረው ነው። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ስም «የናፍጣ ማጠቢያ» ይለዋል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ዋጋውን የሚያወጣው እውነተኛው የኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ማጠቢያ ነው፤ እሱም ኮመንሬል፣ ማለትም ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ለኢንጀክተሮቹ የሚያደርስ ሥርዓት፣ ላላቸው እንደ ዲፎርዲ ሃይሉክስ ላሉት። የእነዚህ ኢንጀክተር ቀዳዳ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን ጫና ሲበዛ ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ተገፍቶ ያልፍበታል። ትንሽ ጥላሸት ከያዘው ርጭቱ ይዛባል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ጭስ ይጨምራል። ማጠቢያው ይህን ጥላሸት ቀስ በቀስ ያነሳል። በመበላት ብዛት የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርን ግን አያድንም፤ እሱ ወርዶ በማሽን መፈተሽ አለበት። የድሮዎቹ ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሃይሉክሶች ቀዳዳቸው ሰፋ ያለ፣ ግፊታቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቅሙ ብዙም አይታይም።

ሴቴንን (የናፍጣውን ቶሎ የመቀጣጠል አቅም) ከፍ የሚያደርገው ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ የራሱ ምክንያት አለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲታመቅ የሚደርስበት ግፊት ያንሳል፣ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል፤ ጠዋት ነጭ ጭስና መንኳኳት የሚበዛውም በዚህ ነው። ሴቴን ይህን መዘግየት ያሳጥራል። ሆኖም መጀመሪያ አራቱን የማሞቂያ ካንዴላዎች በቴስተር መለካት ይቀድማል፤ አንዱ ከሞተ ጠርሙሱ አይተካውም። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውንም አትመኑ። ለ80 ሊትር ታንክ የሚበቃው ጠርሙስ የ4 ሊትር ናፍጣ ዋጋ ካለው፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ ፍጆታው 5 በመቶ መቀነስ አለበት። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ አይሆንም።

ናፍጣው በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ውርጭ መከላከያ ለዚህ ከተማ አያስፈልግም።

«ውሃ ያጠፋል» የሚባለውን ጨርሶ አንመክርም። ብዙዎቹ ውሃውን ከናፍጣው ጋር ደባልቀው በፊልትሮው ውስጥ ያሳልፉታል፤ የጋለው የኢንጀክተር ጫፍ ላይ ሲደርስ በቅጽበት ተንኖ ጫፉን ይጎዳዋል። ውሃ መውጣት ያለበት ከፊልትሮው ሥር ነው። የፊልትሮ መብራት ሲበራ ሞተሩን አጥፉ፣ ከሥር ዕቃ ደቅኑ፣ የታችኛውን ብሎን በእጅ አላሉ፣ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ የላይኛውን የእጅ ፓምፕ ግፉ። ብሎኑን ስትመልሱ በእጅ ብቻ አጥብቁት፤ በመፍቻ ከጠበቀ ላስቲኩ ይቆረጣል።

ሰልፍ ሲበዛ በጄሪካን ከመንገድ የሚገዛ ናፍጣ ካለ ደግሞ ገንዘቡ ጠርሙስ ላይ ሳይሆን ፊልትሮ ላይ ይዋል፤ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ኦሪጅናሉን። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ ማለስለስ ስለሚያቅተው ፖምፓውን ይበላዋል፤ ያንን የሚያካክስ ማጠቢያ የለም።

ማጠቢያውን ለመጠቀም የወሰነ ሰው ታንኩ ወደ ሩብ ሲወርድ መጀመሪያ ጠርሙሱን ያፍስስ፣ ከዚያ ይሙላ፤ ናፍጣው ሲወርድ ራሱ ያደባልቀዋል። መጠኑን ከተጻፈው አያሳልፍ። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚደረግ ጉዞ ሞተሩ በቂ ሙቀትና ጫና አያገኝም፤ በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስ ይሻላል። ታንኩ ሲያልቅ ፊልትሮው ይቀየር፤ ከታንክና ከመስመር የተነሳው ቆሻሻ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።