ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፦ ግራሙን እመኑት፣ ሚሊ ሊትሩን ተዉት

ቤቴ ውስጥ በትዕዛዝ ኬክና ዳቦ እሠራለሁ። ይህን ነጭ ዲጂታል ሚዛን የገዛሁት መርካቶ ነው። እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ዛሬ ያለ እሱ ሊጥ አላቦካም። ግን አንድ አዝራሩ ሰው ያሳስታልና እሱን ልንገራችሁ።

በግራም ሲመዝን ጎበዝ ነው። ባዶ ጆግ አስቀምጬ ዜሮ አደረግሁትና እስከ 500 ሚሊ ሊትር መስመር ውሃ ሞላሁ። 498 ግራም አለ። ሁለት ግራም ማለት መስመሩን ትንሽ ጎንበስ ብሎ ከማየት የሚመጣ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ አዝራሩ። ደጋግማችሁ ስትጫኑት ከግራም ወደ አውንስ፣ ከዚያ ወደ ሚሊ ሊትር ይዞራል። ሚሊ ሊትሩ ላይ አድርጌ ማር ቀዳሁ። «200» አለኝ። ያንኑ ማር ወደ መለኪያ ኩባያ ስገለብጠው ከ140 ብዙም አላለፈም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሚዛን የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው። ምን እንደቀዳችሁበት አያይም፤ ሁሉንም እንደ ውሃ ቆጥሮ ግራሙን በሚሊ ሊትር ስም ያሳያችኋል። ካርቶኑ ላይ ግን «ፈሳሽ ይለካል» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ልክ አይደለም። ኬክ ለሚጋግር ሰው 60 ሚሊ ሊትር ማር ትንሽ ነገር አይደለም።

መፍትሔው አዝራሩን ረስቶ ራስ ማስላት ነው። የምግብ አሠራሩ ላይ ያለውን ሚሊ ሊትር በፈሳሹ እፍግታ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትሩ በሚመዝነው ግራም፣ አባዙት፤ የሚመጣው ግራም ነው። ውሃ 1 ነው። ወተት 1.03፣ የምግብ ዘይት 0.92፣ ቀልጦ የተነጠረ ቅቤ 0.91 ገደማ፣ ማር ደግሞ 1.42 አካባቢ። ስለዚህ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 258 ግራም ይሆናል። 120 ሚሊ ሊትር ዘይት 110 ግራም ነው። 100 ሚሊ ሊትር ማር 142 ግራም። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ደስ ይላል። ጎድጓዳው ሳህን ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል፣ ዜሮ፣ ዘይት፣ እንደገና ዜሮ፣ ወተት። ማሩን ስቀዳ 138 ሲል ማሰሮውን ቀና አደርጋለሁ፤ እየቀጠነ የሚወርደው ክር የቀረውን ይሞላዋል። ኩባያ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ማር የለም፣ የሚታጠብ ኩባያም የለም።

ገበያ ላይም ይጠቅማል። ብዙ ሰው አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ይመስለዋል። የ5 ሊትር ዘይት ግን ያለ ጀሪካኑ 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ማር በተቃራኒው ነው፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ሙሉ ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከዚያ በጣም ከቀነሰ ውሃ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ግን ሚዛን አያጋልጥም፤ እሱን ለማወቅ በዚህ አትተማመኑ።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉት። ዱቄት ስነፋ ትንሽ ከቆየሁ ራሱን ያጠፋል፣ ዜሮ ያደረግሁትም አብሮ ይጠፋል። ትንሽ ትንሽ እያሉ ሲጨምሩበትም አይሰማም። 3 ግራም እርሾ ለመመዘን አይሆንም፤ ለዚያ የወርቅ ሚዛን የሚመስለው ትንሹ ይሻላል።

ቢሆንም ግዙት እላለሁ፣ በተለይ በትዕዛዝ የምትሠሩ። ስትገዙ ሻጩን ባትሪ አስገብቶ እንዲያበራላችሁ ጠይቁት። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውሃ አስቀምጡበት። ከ500 ግራም በጥቂቱ በልጦ ካሳየ ደህና ነው፣ ትርፉ የፕላስቲኩ ነው። 480 ወይም 560 ካለ ሌላ አምጣ በሉት።