የድሪፕ አፑ ሒሳብ ይችላል፣ መርሳት ግን አይችልም

የድሪፕ፣ ማለትም በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ ፍጥነት የሚያሰላ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ሦስት ወር በሥራ ላይ ሞከርኩት። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

ሒሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። 1000 ሚሊ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ይግባ ተብሎ ቱቦው በሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሺውን በ20 አባዝቶ ለ480 ደቂቃ ያካፍልና በደቂቃ 42 ጠብታ ይላችኋል። ባለ 15 ቱቦ ስትመርጡ 31 ይሆናል። የቱቦው ቁጥር ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ፓኬቱን ሳታዩ አትጣሉት። ማይክሮ ድሪፕ (ትንንሽ ጠብታ የሚሰጥ ቱቦ) ከሆነ ግን አፑን መክፈት ራሱ ትርፍ ሥራ ነው፤ 60 ጠብታ አንድ ሚሊ ስለሆነ በሰዓት የሚገባው ሚሊና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ አንድ ቁጥር ነው፣ በቃ።

በጣም የወደድኩት ድምፁን ነው። ጠብታው መውረድ ባለበት ፍጥነት ጢክ ጢክ ይላል፣ እኔ መቆጣጠሪያውን እያላላሁ ከሱ ጋር አገጥማለሁ። ሰዓት ላይ ማፍጠጥ ቀረልኝ። (በሽተኛው እጁን ባጠፈ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ይለወጣል፣ ተመልሶ ማየት ግድ ነው።)

ያናደደኝ በክብደት የሚሰላው ገጽ ነው። አንድ ሌሊት ዶፓሚን (የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) በኪሎ በደቂቃ 5 ማይክሮግራም ታዘዘ። በሽተኛው 60 ኪሎ ነው፣ 400 ሚሊግራም 250 ሚሊ ውስጥ ገብቷል፣ ስለዚህ አንዱ ሚሊ 1600 ማይክሮግራም ይዟል። በወረቀት ሠርቼ በሰዓት 11.25 ሚሊ አገኘሁ። አፑ 15 አለኝ! ደግሜ ሠራሁት፣ ያው 11.25። ለካ ቀደም ብዬ ያሰላሁለት የ80 ኪሎ ሰው ክብደት ገጹ ላይ እንዳለ ቀርቶ ኖሯል፤ መጠኑን ብቻ ቀይሬ ክብደቱን ሳላይ አልፌያለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ግን ለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለደከመ ሰው የሚሠራ ነገር እንዲህ አይሠራም።

ሌላም አለ። የተጨመረው መድኃኒት ራሱ ስንት ሚሊ እንደሆነ አይጠይቅም። በሚሊ 40 ሚሊግራም የሆነውን ዶፓሚን 10 ሚሊ ጨምራችሁ ቀድማችሁ 10 ሚሊ ካላወጣችሁ ከረጢቱ ውስጥ ያለው 260 ነው፤ አፑ ግን በ250 ያሰላል።

ለአዘጋጆቹ «አዲስ በሽተኛ» የሚል ሁሉንም የሚያጠፋ ቁልፍ ጨምሩልን ብዬ ጽፌያለሁ። እስከዚያው ድሪፕ ሳስተካክል ድምፁን እከፍታለሁ፣ ዶፓሚን ሲመጣ እስክሪብቶ አወጣለሁ።