"ቲዩብ አይደለም" ተብሎ የሚናቀው አምፔ፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይሄን አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ከገዛሁት ወራት አልፈውታል፣ ቤትም ልምምድም ስቴጅም ይዤው ዞሬያለሁ፣ ስለዚህ ከካርቶን በወጣ ማግስት የሚጻፍ ዓይነት ግምገማ አይደለም። 50 ዋት ነው፣ ትራንዚስተር ነው (ማለትም ድምፁን የሚያጎላው እንደ ድሮዎቹ አምፖች በቲዩብ፣ በመስታወት ቱቦ፣ አይደለም)፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው፣ ጀርባው ክፍት ነው፣ ውስጡ የተለያዩ አምፖችን ድምፅ የሚያወጣ ዲጂታል ሞዴሊንግ አለ፣ ጥቂት ኢፌክቶች፣ የሄድፎን መሰኪያ፣ ዩኤስቢ እና ዋቱን ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ። ብራንዱን ሆን ብዬ አልጠራውም። የአምፕ ስም ሲጠራ ብዙ ጊታሪስት ድምፁን ሳይሰማ ነው የሚፈርደው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ድምፁ ነው።

ነገሩን የደረሰበት ያውቀዋል። አዲስ ሰዎች ጋር ልምምድ ትሄዳለህ፣ አምፑን ታስቀምጣለህ፣ ገና ገመድ ሳትሰካ ሌላኛው ጊታሪስት ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊት የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባል። "ቲዩብ ነው?" ይልሃል። አይደለም ስትለው "እሺ፣ ለልምምድ ያህል ይሆናል" ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንድ ኮርድ እንኳን አልተመታም እኮ! የኔስ ይሁን፣ ስንት ዓመት ስለተጫወትኩ አያስደነግጠኝም፣ የሚያንገበግበኝ የጀማሪዎቹ ነው። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ አጠራቅሞ አምፕ ይገዛል፣ ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ያሳያል፣ የሚያገኘው መልስ "እሱን ሽጠህ እውነተኛ አምፕ ግዛ" የሚል ነው። ልጁ ገና ኤፍ ኮርድ አልጠራለትም። የሚያስፈልገው በየቀኑ ለማብራት የሚጓጓለት ነገር ነው፣ እኛ ግን የያዘውን እንዲያፍርበት እናደርገዋለን። እንዲህ ተብሎ ጊታሩን ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ ይሄን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ብራንድ ብራንድ የምንለው ነገር እራሱ ከየት እንደመጣ እንይ እስኪ። ማርሻል ዛሬ የሮክ ድምፅ ማለት ነው አይደል? ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ የከበሮ ሱቅ የነበረው ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከነ ኬን ብራንና ደድሊ ክሬቨን ጋር ሆነው የሠሩት ጄቲኤም45 የተባለው አምፕ በመሠረቱ የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ ቤዝማን አምፕ ሰርኪት (የውስጥ አሠራር) ነው፣ ያውም ፌንደር ለቤዝ ጊታር ብሎ ያወጣው አምፕ። እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው ዕቃ ተሠራ፣ ትራንስፎርመሩ ሌላ ሆነ፣ ቤዝማን ላይ የነበሩት አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ቀርተው ጀርባው የተዘጋ ካቢኔት ውስጥ አራት ባለ 12 ኢንች ሴሌስሽን ስፒከሮች ገቡ፣ በቃ ሌላ ድምፅ ተወለደ። መሳ ቡጊ የሚባለው የአምፕ ብራንድም የተጀመረው ራንዳል ስሚዝ ትንሿን ፌንደር ፕሪንስተን እየከፈተ ጉልበት ሲጨምርባት ነው። ዛሬ እነዚህን "ኮፒ ናቸው" ብሎ የሚንቅ ሰው አላየሁም።

ሌድ ዜፔሊን በ1969 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም ላይ ጊታሪስታቸው ጂሚ ፔጅ የተጠቀመው ሱፕሮ አምፕ ነው፣ በጊዜው ከርካሾቹ የሚቆጠር ስም። ቲዩብ ያልሆነ ድምፅ አይሆንም የሚለው ነገርማ ጭራሽ አይገባኝም። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ለዓመታት ይዞት የዞረው ላብ ሲሪስ ኤል5 ትራንዚስተር ነው። ዳይምባግ ዳሬል ፓንቴራ በተባለው የሜታል ባንድ ውስጥ ያንን ምላጭ የመሰለ ድምፅ ያወጣው በራንዳል ትራንዚስተር አምፕ ነው። ሮላንድ ጄሲ-120 ከ1975 ጀምሮ እስከ ዛሬ ክሊን (ያልሻከረ ንፁህ ድምፅ) ሲባል ስሙ የሚነሳ አምፕ ነው፣ እነ ሜታሊካ እንኳን ለክሊን ክፍሎቻቸው ተጠቅመውበታል። እነዚህን ሰዎች ሰምተን ስናበቃ ጎረቤታችን የያዘውን ትራንዚስተር አምፕ ስናይ ፊታችንን የምናጨማድደው ለምንድነው?

ደግሞ ስሙና ሠሪው አንድ አይደሉም። የአምፕ ብራንዱ ቮክስ ከ1992 ጀምሮ የጃፓኑ ኮርግ ነው። መሳ ቡጊን በ2021 ጊብሰን ገዛው። ማርሻል በ2023 በስሙ ብሉቱዝ ስፒከርና ሄድፎን ሲሠራለት ለነበረው ዛውንድ ኢንዱስትሪስ ለተባለ የስዊድን ኩባንያ ተሸጠ። ፌንደርንም በ1965 የቴሌቪዥኑ ሲቢኤስ ገዝቶት ነበር፣ "ከሲቢኤስ በፊት የተሠራ" የሚለው አምልኮ የመጣው ከዛ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ዛሬም በጣም ጥሩ አምፖች ይሠራሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ጽሑፉን አይቶ "ይሄ ታሪክ አለው ያ የለውም" ማለት አያስኬድም።

ወደ አምፔ ልመለስ። ክሊን ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላሳዘነኝም። ንፁህ ነው፣ ሲንግል ኮይል ፒካፕ (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ድምፅ ተቀባይ) ባለው ጊታር ስጫወትበት እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማል፣ ሪቨርቡም ትንሽ ሲጨመርበት ደስ ይላል። ፔዳልም (በእግር የሚነካ ድምፅ ቀያሪ ሳጥን) ይቀበላል፣ ፊት ለፊቱ ኦቨርድራይቭ አድርጌበት አይጨማደድም። ክሊን ለሚጫወት ሰው እዚህ ላይ ብዙ መነጋገር አያስፈልግም።

ወሬው ያለው ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሚሻከረው ድምፅ) ላይ ነው፣ እዚህ ጋር ቲዩብ የሚወዱት ሰዎች እውነት አላቸው። ቲዩብ አምፕ ድምፁ ከፍ ሲል ፓወር ቲዩቦቹ (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጡት) ቀስ በቀስ ነው የሚጨናነቁት፣ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፣ ያኔ ኖታው መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ ቀጥሎ ያብባል። ይሄ ከጆሮ በፊት ጣት ላይ ነው የሚታወቀው። የጊታሩን ቮሊዩም ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ድምፁ ሳይሞት ይጠራል። የኔ አምፕ ክራንቹ (ቀለል ያለው ዲስቶርሽን) ላይ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 6 ሳወርድ ይጠራል፣ ግን ትንሽ ይደርቃል፣ ያ ማበብ የሚባለው ነገር አብሮት አይመጣም። ብሉዝ በዝግታ ለሚጫወትና በፒኩ አመታት ብቻ ድምፁን ለሚቆጣጠር ሰው ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው፣ እኔም ጥሩ ቲዩብ አምፕ ባገኘሁ ቁጥር በደስታ ነው የምጫወትበት።

ነገር ግን ይሄ ሁሉ የሚሆነው አምፑ ሲጮህ ነው። 100 ዋት ቲዩብ አምፕ መኝታ ቤት አስቀምጦ ማስተር ቮሊዩሙን 1 ላይ የሚያደርግ ሰው ከዛ ጥቅም ብዙም አያገኝም፣ ፓወር ቲዩቦቹ ገና አልነቁም። ዋት የሚበዛ ሁሉ የሚጮህ የሚመስለውም ብዙ ነው፣ 100 ዋትና 50 ዋት መሀል ያለው ልዩነት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ለጆሮ እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ኤሪክ ክላፕተን ስቱዲዮ ውስጥ 5 ዋት የሆነችውን ፌንደር ቻምፕ የተጠቀመው በከንቱ አይደለም። የኔ አምፕ ላይ ዋቱን የሚቀንሰው ማብሪያ ማታ ማታ ሰው ሳልረብሽ እንድጫወት ስላደረገኝ ብቻ ከበፊቱ በጣም በተሻለ ተለማምጃለሁ፣ ይሄ ለኔ ከየትኛውም የቲዩብ ዓይነት በላይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው "አምፔ ድምፁ አይወጣም" ብሎ ብራንዱን የሚከስበት ነገር ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ብራንዱ አይደለም። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትሆን ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ትጨምራለህ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን) ትጨምራለህ፣ ሚዱን (መሀለኛውን) ትቀንሳለህ፣ ግዙፍ የሆነ ድምፅ ይሰማሃል። የሰው ጆሮ ቮሊዩሙ ዝቅ ሲል ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን በደንብ አይሰማም፣ ይሄን ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ለክተው አሳይተውታል፣ ስለዚህ ኖቡን (ማዞሪያውን) የሚያዞርልህ ጆሮህ ነው። ያንኑ ሴቲንግ ይዘህ ባንድ ጋር ስትሄድና ድምፁን ከፍ ስታደርገው ታችኛው ክፍል ከቤዝ ጊታሩና ከባስ ድራሙ ጋር ይጋጫል፣ ላይኛውን ሲምባሉ ይወስደዋል፣ ጊታሩ የሚኖርበት ሚድ ደግሞ ባዶ ነው። ሶሎ ስትጀምር ትጠፋለህ። እኔ ባንድ ጋር የምጠቀምበት ሴቲንግ ጌይን (የዲስቶርሽኑ መጠን) 4፣ ቤዝ 4፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 5 ገደማ ነው፣ ብቻዬን ስሰማው አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ከበሮው ሲገባ ግን ቦታውን ይይዛል። ይሄን ሴቲንግ ስሙ ትልቅ የሆነ አምፕም ላይ ሞክሩት፣ ያው ነው።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ቀጫጭን ድምፆችን ወደ ፊት አጥብቦ ነው የሚወረውራቸው። አምፑ መሬት ላይ ሆኖ አንተ አጠገቡ ስትቆም ስፒከሩ የሚያወራው ለቁርጭምጭሚትህ ነው፣ የታፈነ ይመስልሃል፣ ትሬብል ትጨምራለህ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው አድማጭ ጆሮ ይደማል። እኔ ወንበር ላይ አድርጌ ትንሽ ወደ ኋላ አጋድመዋለሁ፣ ቢያንስ እኔና አድማጩ ተቀራራቢ ነገር እንሰማለን። የተናቀውን አምፔን "ዛሬ ምን አድርገህበት ነው?" ያስባለኝ አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ ሌላ ምንም አልተቀየረም።

ስቴጅ ላይ ሳውንድ ማኑ ኤስኤም57 ማይክ ስፒከሩ ላይ አስጠግቶ ያቆማል፣ ያ ድምፅ ሚክሰር ገብቶ በትልልቆቹ ስፒከሮች ይወጣል፣ ሕዝቡ የሚሰማው እሱን ነው። ማይኩን ከስፒከሩ መሀል ወደ ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ስታንቀሳቅሰው የሚመጣው ለውጥ ጥሩ የሚባሉ ሁለት አምፖች መሀል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል፣ መሀሉ ላይ ድምፁ ስለታም ነው፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይሞቃል። እስካሁን አብሬያቸው የሠራኋቸው ሳውንድ ማኖች አንዳቸውም የአምፑን ብራንድ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ የሚጠይቁኝ ቮሊዩሙን እንድቀንስ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ሲቀንስ ድምፁ ስለማይሞት ከነሱ ጋር በሰላም ነው የምሠራው።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። ሴቭ ያደረግከው ድምፅ ስትመርጥ የሚዞሩት ኖቦች ያሉበት ቦታ እውነተኛውን ቁጥር አያሳይም፣ ስቴጅ ላይ ትሬብል ትንሽ ልቀንስ ብለህ ስትነካው ዘሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ኢፌክቶቹን በጥልቀት ለማስተካከል ኮምፒውተር መክፈት ግድ ነው፣ አንዴ ሶፍትዌሩን አፕዴት ሳደርገው ያስቀመጥኳቸውን ድምፆች በሙሉ አጠፋብኝ፣ ስለዚህ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ፣ ፕሮግራም ባላችሁበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ጌይን ሲበዛ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ እሱን የሚዘጋውን ኖይዝ ጌት ካበዛችሁት ደግሞ የኖታውን ጭራ ይቆርጠዋል። ፉትስዊቹ (በእግር ድምፅ መቀያየሪያው) ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ያለሱ ስቴጅ ላይ አትወጡም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ፓርቶች ጥቃቅን ስለሆኑ የድሮ አምፕ የሚጠግን ባለሙያ ክፈተው ቢባል ብዙ ሊረዳ አይችልም፣ በእጅ የተበየደ ቲዩብ አምፕ ግን ከ50 ዓመት በኋላም ይጠገናል። በዚህ በኩል ክብር ለቲዩቦቹ።

በሌላ በኩል ክብደቱ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ አምፑን በሌላው ጊታሩን ይዤ ደረጃ እወጣለሁ፣ ቲዩብ መቀየር የለም፣ ባያስ (የቲዩቡን የኤሌክትሪክ ልክ) ማስተካከል የለም፣ ስፒከሩ ተነቅሎ ቢበራ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል የሚል ጭንቀት የለም።

ለማን ይሆናል? ቤት ለሚለማመድ፣ አልፎ አልፎ ከባንድ ጋር ለሚጫወት፣ ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ለሚነካካ ሰው ሳልጠራጠር ግዙ እላለሁ። አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መጫወት ለሚችልና በጊታሩ ቮሊዩም ለሚጫወት ሰው አነስ ያለ ዋት ያለው ቲዩብ አምፕ ይሻለዋል፣ የፈለገው ስም ይለጠፍበት። ስትገዙ ግን የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ፣ ጓደኛችሁ ኖቡን ያዙርላችሁ እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙ፣ የሁለቱንም አምፖች ድምፅ እኩል አድርጉት ምክንያቱም ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል።

እኔ ቀጥሎ የማደርገው ስፒከሩን መቀየር ነው፣ 8 ኦም የሆነና ከ50 ዋት በላይ የሚችል ባለ 12 ኢንች እያፈላለግኩ ነው። ከመቀየሬ በፊት የአሁኑን፣ ከቀየርኩ በኋላ አዲሱን፣ በአንድ ማይክ፣ በአንድ ርቀትና በአንድ ሴቲንግ ቀድቼ ሁለቱንም አሰማችኋለሁ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን መጀመሪያ አልነግራችሁም።