«ለማንኛውም ሻማ ይሆናል» የሚለውን የጀማሪ ጥቅል አትግዙ

በቤታችሁ ሻማ ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተታልያለሁ፤ የምጽፈው እናንተ እንዳትታለሉ ነው።

የገዛሁት «ለጀማሪ የተሟላ» ተብሎ የሚሸጥ ጥቅል ነው። ውስጡ ፍሬ ፍሬ የሆነ ሰም፣ በትናንሽ ብልቃጦች የታሸጉ 20 የዱቄት ቀለሞች እና እግራቸው ላይ ክብ ቆርቆሮ የተጣበቀባቸው 50 ክሮች አሉት። ክሮቹ በሙሉ ውፍረታቸው አንድ ነው። ማሸጊያው ላይ በትልቁ «ቀለሙም ክሩም ለማንኛውም ሻማ ይሆናል» የሚል ተጽፏል። ያን ጊዜ ይህ ቃል አስደሰተኝ፤ ሌላ ሰው አስቦ የመረጠልኝ መሰለኝ። ዛሬ ግን ይህ ቃል የተጻፈበትን ዕቃ በእጄም አልነካም።

የመጀመሪያው ሻማዬ ሰማያዊ ነበር። ዱቄቱን በቀለጠው ሰም ላይ ስነሰንሰው እንደ ዕንቁ እያብረቀረቀ ተዋሐደ፤ እኔም ተሳካልኝ ብዬ ብርጭቆው ውስጥ አፈሰስኩት። ረግቶ ሳየው ላዩ ፈዛዛ፣ ታቹ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ቢሆንም ለኮስኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ከነደደ በኋላ ነበልባሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የስንዴ ቅንጣት አከለና ጠፋ። የክሩን ጫፍ ቆርጬ እንደገና ለኮስኩት፤ ያው ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ሙቀቱን ቀይሬ ቀይ ሠራሁ፣ ከዚያም አረንጓዴ። ሦስቱም እየከሰሙ ጠፉ።

አራተኛውን ምንም ቀለም ሳልጨምር ሠራሁት። ሰሙ ያው፣ ብርጭቆው ያው፣ ክሩም ከዚያው ጥቅል የወጣ ነው። ይህኛው ሳይንቀጠቀጥ ሲነድ አመሸ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሻማ ላይ በዋናነት የሚነደው ሰሙ እንጂ ክሩ አይደለም። ክሩ የቀለጠውን ሰም በጥጡ ቀጫጭን ክፍተቶች በኩል ወደ ላይ እየሳበ ለነበልባሉ ያቀብላል፤ እዚያ ሰሙ ወደ ተን ተለውጦ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰም ውስጥ የምትጨምሩት ቀለም ሙሉ በሙሉ ካልሟሟ፣ ቅንጣቶቹ ከሰሙ ጋር እየተሳቡ ክፍተቶቹን ይደፍናሉ። ክሩ ሰም ያጥረዋል፣ ነበልባሉም ይራባል። በጥቅሌ ውስጥ የነበረው ዱቄት ሚካ ነው። ሚካ ከማዕድን የሚገኝ አንጸባራቂ ቅንጣት ሲሆን ለሳሙናና ለመዋቢያ ይጠቅማል፤ ሰም ውስጥ ግን ለዘላለም ቢማሰልም አይሟሟም። ብልቃጡን አገላብጬ ሳነብ «ለሳሙና፣ ለከንፈር ቅባት፣ ለጥፍር ቀለም፣ ለሻማ» የሚል በጥቃቅን ፊደል አገኘሁበት። ሻማ የተጨመረው ገበያ ለማስፋት ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ለሻማ የሚሆነው በዘይት የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው። በፈሳሽ፣ በጠጣር ቁራጭ ወይም በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ ስለዚህ ዱቄት መሆኑ ብቻውን ክፉ አያደርገውም፣ ወሳኙ መሟሟቱ ነው። የምግብ ቀለም አብዛኛው ውኃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከሰም ጋር አይዋሐድም፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል። ልጆች የሚስሉባቸው የሰም ቀለሞችም ሰም ስለሆኑ ብቻ ይሆናሉ ብላችሁ አታቅልጧቸው፤ ቀለማቸው የሚመጣው ከማይሟሟ ቅንጣት ነው፣ ክሩንም እንዲሁ ይደፍናሉ። የማይሟሟ ቀለም ለሻማ ቦታ አለው ከተባለ፣ የማይነደውን የሻማ ውጫዊ ገጽ በስሱ ለመቀባት ነው።

ጥቅሉን ገዝታችሁ ከሆነ ሙሉ ሰም ከማበላሸታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ጥቂት ማንኪያ ቀለም የሌለው ሰም አቅልጡና ሙቀት በሚችል ጥርት ያለ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት፤ ከቀለሙ ቁንጥር ጨምራችሁ አማስሉ። ከዚያ ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ውስጥ አቁማችሁ ሰሙ ሳይረጋ ለ15 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ታቹ ላይ ደለል ከተኛ ወይም ጠብታዎች ከተጠራቀሙ ያ ቀለም ለሻማ አይደለም። ሰሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነትና እንደ ሻይ ጥርት ያለ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ሟምቷል ማለት ነው። እኔ 20ዎቹንም በዚህ መንገድ ፈትሻለሁ፤ አንድም አላለፈም።

ወደ ክሩ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ያለው ጉዳት ከገንዘብ ያልፋል። ነጩ ሻማ የነደደልኝ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ስለሆነ ነው። ያንኑ ክር 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ስሞክረው፣ መካከሉን ብቻ እንደ ጉድጓድ እየቆፈረ ወረደ፤ ዙሪያውን ያለው ሰም ሳይነካ ቆመ፣ ነበልባሉም በመጨረሻ በራሱ ሰም ሰጠመ። ለሻጩ ስጽፍ ያገኘሁት መልስ «ሁለት ክር አንድ ላይ ቢያደርጉበት ይስተካከላል» የሚል ነበር። አመንኩት። ሁለቱ ነበልባሎች ተዋሕደው አንድ ትልቅ እሳት ሆኑ፣ ጥላሸቱ የብርጭቆውን አፍ አጠቆረው፣ ብርጭቆው በእጅ የማይነካ ሆነ፤ ወዲያው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። አጠገቡ ስለነበርኩ በመክደኛ አፍኜ አጠፋሁት። ሌላ ክፍል ውስጥ ብሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ለሰፊ ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት ክር መጠቀም የታወቀ ነገር ነው፤ ግን ተራርቀው ነው የሚተከሉት፣ ያውም ተፈትነው። እንዲህ ያለ ምክር ለጀማሪ መስጠት ግዴለሽነት ነው።

ክር የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰሙ ዓይነት፣ የዕቃው ስፋት፣ ቀለሙና ሽታው ይወሰናል፤ ክሩ ለእነዚህ ሁሉ ታዛዥ ነው። የንብ ሰም ሲቀልጥ ከፓራፊን (ከነዳጅ ዘይት ከሚገኘው ሰም) ስለሚወፍር ጠንከር ያለ ክር ይፈልጋል። ጠቆር ያለ ቀለምም፣ የሚሟሟው ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ሲበዛ ክሩን ያደክማል፤ ለነጭ ሻማ የተስማማው ክር ለጥቁር ቀዩ ላይሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ሆኖ የተጎነጎነ የጥጥ ክር ሲነድ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ወደ ነበልባሉ ጠርዝ ስለሚወጣ ራሱን እያቃጠለ ያጥራል። መካከሉ ወረቀት ወይም ዚንክ የተባለ ብረት ያለበት ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደህና ሻጭ የክሩን ዓይነትና የውፍረቱን መለያ ቁጥር፣ ለየትኛው ሰምና ለስንት ሴንቲ ሜትር ስፋት እንደሚሆን ይጽፋል። እሱ የሚለውን ቁጥር፣ ከእሱ አንድ ደረጃ የሚያንሰውንና አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ጥቂት ጥቂት ግዙና አወዳድሩ።

ስትፈትኑ ክሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት አስቡለት፤ በዚያ ጊዜ የቀለጠው ሰም ጠርዝ ከደረሰ ክሩ ተስማምቷል። ካልደረሰ ቀጥኗል። የሚጨስ፣ ነበልባሉ የሚዘል፣ ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ያለ ጥቁር እብጠት የሚያወጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወፍሯል።

ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት ክር ካጋጠማችሁ ቁራጩን ከሰም አጽዱና በእሳት ፈትኑት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይሆናል፤ ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ጣሉት። መካከሉ ሽቦ ካለ ሽቦውን ነጭ ወረቀት ላይ አሹት፤ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊሆን ይችላልና አትለኩሱት። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የሻማ ክር እ.ኤ.አ. በ2003 ከልክላለች፤ ምንጩ ባልታወቀ ዕቃ ላይ ግን መጠንቀቅ አይከፋም።

ስለ ቀለሙ ደግሞ፣ 20 ብልቃጥ ለጀማሪ ምንም አያደርግለትም። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በዘይት የሚሟሟ ማቅለሚያ ካላችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትቀምማላችሁ፤ እጅግ ጥቂት ነው የሚበቃውም። ሰም ቀልጦ ሳለ ከሚረጋው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ በዓይናችሁ ብቻ አትፍረዱ፤ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ሲረጋ እዩት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፦ ቀለሙ በዘይት የሚሟሟ ነው? የክሩ ቁጥር ስንት ነው፣ ለየትኛው ሰምና ለምን ያህል ስፋት? ከተከፈተ በኋላ ትመልሳላችሁ? እኔ «ማሸጊያው ተከፍቷል» ተብዬ ገንዘቤ ቀርቷል፤ ሳይከፍቱት ደግሞ መፈተን አይቻልም። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ ከመጣላችሁ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ክሮቹን ለጠባብ ብርጭቆ እየተጠቀምኩባቸው ነው። ቀለሞቹን ግን ሌላ ሰው ሳያውቅ አንስቶ እንዳይጠቀምባቸው በአንድ ቆርቆሮ ከትቼ፣ በላዩ «ለሻማ አይደለም» ብዬ ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ።