ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ፦ "ታድሷል" የተባለ የአርኬድ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ

የድሮ የአርኬድ ጌም ማሽን (ቆመው የሚጫወቱበት፣ ሳንቲም የሚበላ ትልቅ የጨዋታ ሳጥን) ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ልታድሱ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

የተሸጠልኝ "ኦሪጅናል ጋላጋ" ተብሎ ነው። ጋላጋ ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የጠፈር ተኩስ ጨዋታ ነው። ልጅ ሆኜ ተራ እየጠበቅኩ የተጫወትኩት እሱን ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን ሳይ ልቤ ቀድሞኝ ሄደ። ፎቶው ያምራል። ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ሥዕል ያብረቀርቃል። ሻጩ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ጨዋታው ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል። በስልክ "ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ ትንሽ ጽዳት ብቻ ነው የቀረው" አለኝ። ሌላ ገዢ ቀብድ ሊከፍል መንገድ ላይ ነው ሲለኝ ደግሞ ጭራሽ ቸኮልኩ። ስሄድ ማሽኑ በርቶ ጠበቀኝ። አምስት ደቂቃ ተጫወትኩ፣ ከፈልኩ፣ አስጭኜ ወሰድኩ።

በርቶ መጠበቁን ልብ በሉልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ሳበራው ምስሉ ጠርዝና ጠርዙ ተጣጥፎ፣ እየተወላገደ መጣ። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ሲሞላው ቀስ እያለ ተስተካከለ። ይሄ የደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ጠባይ ነው። እነዚህ ስክሪኖች እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ወፍራም ቱቦ ያላቸው ናቸው። ቦርዳቸው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ በዓመታት ብዛት ይደርቃል። የደረቀ ካፓሲተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ያስቸግራል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ አሙቆት ጠበቀኝ። በተቃራኒው ደግሞ ብየዳው የተሰነጠቀ ቦርድ አለ። እሱ ሲነሳ ደህና ነው፣ ሲሞቅ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ማሽኑ ሳይበራ እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ስትደርሱ ጀርባው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁ አብሩትና አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ። ለዚህ አንድ ሰዓት የማይሰጣችሁን ሻጭ ጥላችሁት ሂዱ።

ነገሩ ካፓሲተር ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። እሱን መቀየር የእድሳቱ አንድ ክፍል ነው፤ አሮጌ ማሽን የሚገዛ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል። ያንገበገበኝ የጀርባውን በር ስከፍት ያየሁት ነው።

የጋላጋ ኦሪጅናል ቦርድ በቀላሉ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሁለት ሰፋፊ ቦርዶች ናቸው፣ ሦስት ዜድ 80 ፕሮሰሰር አላቸው። እኔ ያገኘሁት በፕላስቲክ ማሰሪያ የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ቦርድ ነው። ስልሳ ጨዋታ አንድ ላይ የያዘች ርካሽ ቅጂ ናት። ሌሎቹ ጨዋታዎች ተዘግተው ጋላጋ ብቻ እንዲከፈት ተስተካክላለች። እንዲህ ያለ ቦርድ መኖሩ በራሱ ምንም ክፋት የለውም። ለመዝናናት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይበቃዋል። በኦሪጅናል ስምና በኦሪጅናል ዋጋ መሸጡ ነው ማጭበርበሩ። ስለዚህ የቦርዱን ፎቶ አስልኩ፤ የታወቁ ጨዋታዎችን ቦርድ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ስለሚቻል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። "የጀርባው ቁልፍ ጠፍቷል" ከተባላችሁ አትመኑ። የዚህ ማሽን ቁልፍ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይቀየራል። ለእኔም የተነገረኝ ይኸው ነበር፤ በካቻቢቴ ለመክፈት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከገንዘብ በላይ ነው። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ስክሪኖች ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ እንዲወስዱ አልተሠሩም። መሃል ላይ ስክሪኑን ከግድግዳው መስመር የሚለይ ትራንስፎርመር አለ። እሱ ከሌለ የስክሪኑ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የእኔ ማሽን ላይ የድሮው ትራንስፎርመር ተነቅሏል። በምትኩ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ገብቶ፣ ስክሪኑ ቀጥታ ከሶኬቱ ጋር ተያይዟል። የመሬት ሽቦውም ተቆርጧል። ልጄ ያን ቀን ጠዋት የብረቱን የሳንቲም በር ተደግፋ ነበር ስትጫወት የነበረችው። ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። እባካችሁ፣ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ሳያየው ማሽኑን ቤታችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩ። ቱቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 20,000 ይደርሳል። ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቻርጁን ማውረድ የምትችሉበትን መንገድ በትክክል ሳታውቁ በቱቦው አንገትና በጎማ ቆቡ አካባቢ እጃችሁን አታስገቡ።

እንጨቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። የታችኛው ጠርዝ ችፑድ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶበታል። በጥፍሬ ስጫነው ሰመጠ። ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ፣ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከሥር እዩት።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝን መጨረሻ ላይ ነው ያገኘሁት። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የመስኮት ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አየሁ። ጠጋ አልኩ። የፓክ-ማን መተላለፊያዎች ናቸው፤ ፓክ-ማን በግድግዳዎች መሃል እየተሮጠ የሚጫወቱት ሌላ የድሮ ጨዋታ ነው። ለዓመታት አንድ ዓይነት ምስል ሲበራበት የኖረ ስክሪን ያንን ምስል ይዞ ይቀራል። ጋላጋ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁር ሰማይና የሚንቀሳቀሱ ኮከቦች ብቻ ናቸው። የጎኑን ተለጣፊ ሥዕል ጫፍ ላይ ላጥኩት። ከሥሩ ጥቁር ቀለም። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ሳሸው ቢጫ ወጣ። ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያወጣው የፓክ-ማን ማሽን ቢጫ ነው። ድሮም ቢሆን የማሽን ባለቤቶች ገቢው የቀነሰን ጨዋታ በሌላ ይቀይሩት ነበር። እንደዚያ ቢሆን የማሽኑ ታሪክ ነው ብዬ እቀበለው ነበር። የእኔው ተለጣፊ ግን ሙጫው ገና ይሸታል። አንድ ሰው በቅርቡ አርባ ዓመት የቆየ ማሽን ቀብሮ፣ በላዩ ላይ የውሸት ጋላጋ ለጥፎበታል።

ሻጩ ጋ ስደውል "እንዳየኸው ነው የሸጥኩልህ" አለኝ። ከዚያ ቁጥሬን ዘጋው። "ኦሪጅናል" ያለኝ በስልክ ስለነበር የማሳየው ማስረጃ የለኝም። እናንተ ቦርዱና ስክሪኑ ኦሪጅናል መሆናቸውን በጽሑፍ አስልኩት።

ማሽኑ አሁን ጥግ ላይ ቆሟል። ትራንስፎርመር እስካገኝለት ድረስ አይሰካም። ጥቁሩን ቀለም በየማታው ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ ነው፤ ግራው ጎን ግማሽ ድረስ ቢጫ ሆኗል። ከመግዛቴ በፊት አንዲት ፎቶ ብቻ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፦ ማሽኑ ጠፍቶ፣ የቀን ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ የተነሳች ፎቶ።